ነቀዝ የማይደፍረው ቦሎቄ ፍለጋ

አዝመራ ሲገባ ቦሎቄ ርካሽ ነው፤ ክረምት ሲገፋ ውድ ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ሁለት ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ መመለስ ይበቃል። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ገንዘብ እኛ እጅ ቢገባ ለልጆች ደብተር፣ ለዕቁብ፣ ለማኅበሩ ቁጠባ ይሆን ነበር። ብዙ ጊዜ ግን አይገባም። ከምስር ፍሬ የምታንስ አንዲት ነቀዝ እህሉን ወንፊት ከማድረጓ በፊት እንሽጠው ብለን በርካሹ ጊዜ እንለቀዋለን። ያው ቦሎቄ በሰኔ ተመልሶ ሲመጣ እኛው ነን በውድ የምንገዛው።

በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ለቡና በሽታን የሚቋቋም ዝርያ ከተገኘ ለቦሎቄስ ነቀዝ የሚቋቋም ለምን አይገኝም? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ስንፈልግ ግን ከቦንጋ ተነሥተን ሜክሲኮና ኮሎምቢያ ደርሰን፣ በመልካሳ በኩል ተመለስን። ያገኘነውን ለእህቶቻችን እንደሚከተለው እናካፍላለን።

መጀመሪያ ስለ ቦሎቄ ራሱ። ባቄላ በአገራችን እጅግ የቆየ እህል ነው፤ ቦሎቄ ግን እንግዳ ነው። የትውልድ አገሩ አሜሪካ፣ በተለይ ከሜክሲኮ እስከ አንዲስ ተራሮች ያለው ምድር ነው። ወደ አፍሪካ የመጣው ኮሎምበስ ወደዚያ ከተሻገረ በኋላ በመርከበኞችና በነጋዴዎች እጅ ነው። በቆሎም፣ በርበሬም፣ ዱባም እንዲሁ ከዚያው የመጡ ናቸው። ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዷ «ታዲያ አያቶቻችን ወጡን በምን ያቀሉት ነበር?» ብላ አሳቀችን። በከፋ ደግሞ እንሰት የቤቱ ምሰሶ ስለሆነ ቦሎቄ የመጣው ቆጮውን ሊተካ አልነበረም። አብሮት የሚበላ፣ ከበቆሎ ሥር የሚዘራ፣ የሥጋን ቦታ የሚሸፍን እህል ሆኖ ነው ቦታውን ያገኘው። ሥጋ ለበዓል ነው፤ ቦሎቄ ግን የዘወትር ነው።

ዘሩ ሲመጣ ጠላቱም አብሮት መጣ። የቦሎቄ ነቀዝ የምንላት በእርግጥ ሁለት ዓይነት ናት፤ ሁለቱም ከአሜሪካ የወጡ ናቸው። አንደኛዋን ሳይንቲስቶች ዛብሮቴስ ይሏታል፤ ሞቃት ቦታ ትወዳለች። ሁለተኛዋ አካንቶሴሊዴስ ትባላለች፤ ወይና ደጋና ደጋ ይስማማታል። የስማቸው ርዝመት ከአካላቸው ርዝመት ይበልጣል። ልዩነታቸው ግን ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ልብ ትበልልን። ዛብሮቴስ እንቁላሏን በፍሬው ቆዳ ላይ ታጣብቃለች፤ በደንብ ያየ ሰው ነጭ ነጥብ ሆኖ ያየዋል። አካንቶሴሊዴስ ግን እንቁላሏን በፍሬዎቹ መካከል በትና ትጥላለች። ከዚያም አልፋ ማሳ ላይ ሳለ፣ እሸቱ ሲደርቅ በተሰነጠቀው ቆባ ውስጥ ትጥላለች። ስለዚህ ቦሎቄው ንጹሕ መስሎን ጎተራ ስናስገባው ጠላቱን አብረን ልናስገባ እንችላለን።

ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ፍሬውን በስቶ ይገባል፤ ውስጥ ውስጡን እየበላ ያድጋል፤ በመጨረሻም በፍሬው ቆዳ ላይ ክብ መስኮት አዘጋጅቶ ክንፍ ያላት ነቀዝ ሆና ትወጣለች። ያቺ የምትበረው ነቀዝ እህሉን አትበላም። የሚበላው እጩ ነው። በሞቃት ቦታ ይህ ሁሉ በአንድ ወር አካባቢ ያልቃል፤ ብርድ ባለበት ደግሞ ይዘገያል። አንዲቷ ሴት ነቀዝ በአሥሮች የሚቆጠር እንቁላል ስለምትጥል፣ በአዝመራ ጊዜ ጥቂት የነበረው በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ስልቻውን ዱቄት ያደርገዋል።

እናቶቻችን ዝም ብለው አላዩም። አመድ ነፍተው ከቦሎቄው ጋር ያሹታል፤ አመዱ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል፣ የነቀዟንም ገላ ፍቆ ያደርቃል። ጤፍ ያለው ቤት ቦሎቄውን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ያስቀምጣል፤ ደቃቁ ጤፍ ክፍተቱን ስለሚደፍነው ነቀዟ መንቀሳቀሻ ታጣለች። በሚያስፈልግ ጊዜ በወንፊት ለይቶ ሁለቱንም መብላት ነው። ለዘር የሚሆነውን ደግሞ ከምድጃ በላይ፣ ጭስ በሚያገኘው ቦታ መስቀል አለ። ይህ ሁሉ ማንም በመጽሐፍ ያልጻፈው የሴቶች እውቀት ነው። የትኛው ፍሬ ለዘር ይቅር፣ የትኛው ድስት ይግባ ብላ በየዓመቱ የምትመርጠውም ሴቷ ናት። በሳይንስ ቋንቋ ይህ ዝርያ መምረጥ ይባላል፤ በእኛ ቤት ግን «እህል ለቀማ» ተብሎ ብቻ ይታለፋል።

መንግሥታዊው ምርምር የመጣው ቆየት ብሎ ነው። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1958 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የመልካሳ ማዕከል፣ በዚያን ጊዜ የናዝሬት ምርምር ጣቢያ ይባል የነበረው፣ በ1961 ዓ.ም. ተከተለ። የአገሪቱ የቦሎቄ ምርምር እዚያ ነው ያደገው። መነሻው ግን የእኛ ድስት አልነበረም። በስምጥ ሸለቆ የሚመረተው ነጭ ቦሎቄ ወደ አውሮፓ ይላክ ስለነበር፣ ትንንሽ፣ ነጭና እኩል የሆነ ፍሬ ነበር የሚፈለገው። ሜክሲካን 142 የተባለው ዝርያ በዚህ ምክንያት ገነነ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ አዋሽ 1 ተለቀቀ። በደቡብ የሚበላው ግን ቀዩ ነው፤ ቀይ ወላይታን የማያውቅ የለም። ምርት በሄክታር፣ በሽታ መቋቋም፣ ለገበያ የሚሆን መልክ፤ ጥያቄዎቹ እነዚህ ነበሩ። «ጎተራ ውስጥ ስንት ወር ይቆያል?» የሚለው ጥያቄ ከኋላ ነው የመጣው። ወደ ውጭ የሚላከው እህል በጎተራችን አይከርምም፤ ስለዚህ ጥያቄው የማን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

በነፍሳት በኩል መልካሳ ቀድሞ የገጠመው ጎተራውን ሳይሆን ማሳውን ነው። የቦሎቄ ዝንብ የምትባል ደቃቅ ዝንብ አለች። ቡቃያው ገና ሁለት ቅጠል ሲያወጣ እንቁላሏን ቅጠሉ ውስጥ ትጥላለች፤ ትሉ በቅጠሉ አንጓ በኩል ወደ ግንዱ ወርዶ ከአፈሩ አጠገብ ያለውን ሥር አናት ይቦረቡራል። ቡቃያው ይገረጣል፤ ግንዱ ይሰነጠቃል፤ ጠውልጎ ይደርቃል። ብዙዎቻችን ይህን አይተን «ዝናብ አነሰው» ብለን አልፈናል። ኢትዮጵያዊው የነፍሳት ተመራማሪ ዶክተር ጸደቀ አባተ በዚህች ዝንብ ላይ ለዓመታት ሠርተዋል፤ የዶክትሬት ጥናታቸውም በኢትዮጵያ ስላለችው የቦሎቄ ዝንብ ነበር። ከኬሚካል ጎን ለጎን የአዘራር ዘዴን፣ በተለይም ተክሉ ራሱ ያለውን የመቋቋም ኃይል መረመሩ። ከውጭና ከአገር ውስጥ የመጡ ብዙ የቦሎቄ ዓይነቶች ዝንቧ በበዛችበት ቦታ ተዘሩ፤ ቆመው የቀሩት ተመረጡ። ከዚህ ሥራ በኋላ ብሽብሽና መልኬ የተባሉ ዝንቧን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ለገበሬ ተለቀቁ።

ስለ መቋቋም አንድ ነገር እዚህ ላይ ግልጽ ይሁን። የሚቋቋም ተክል ማለት ነፍሳት የማይነካው ተክል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ተክል በትል ከተቦረቦረ በኋላ ከቁስሉ በላይ አዲስ ሥር ያወጣል፤ አፈር ከታቀፈለት ያ ሥር ይይዝና ይድናል። ቦሎቄን ሲኮተኩቱ ግንዱን በአፈር ማቀፍ የሚጠቅመው ለዚህም ነው። ይህ ደግሞ በእጃችን ያለ ሥራ ነው፤ ዘር እስኪመጣ የሚጠበቅበት አይደለም።

ወደ ጎተራዋ ነቀዝ እንመለስ። ትልቁ ፍለጋ የተካሄደው በኮሎምቢያ፣ ካሊ ከተማ አጠገብ ባለው ዓለም አቀፍ የሐሩር ግብርና ማዕከል ነው። ሲያት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተ ሲሆን የዓለምን የቦሎቄ ዘር በብዛት አከማችቶ የያዘ ባንክ አለው። ተመራማሪዎቹ በጠርሙስ በጠርሙስ ቦሎቄ እየጨመሩ፣ ነቀዝ እየለቀቁ ቆጠሩ። ገበሬ ከሚዘራቸው ዓይነቶች ከአራት ሺህ በላይ ፈተሹ፤ ሁሉም ተበሉ ማለት ይቻላል። አንዱ ትንሽ ይሻላል፣ ሌላው ይብሳል እንጂ የሚያስተማምን ጠፋ። ያን ጊዜ ወደ ዱር ቦሎቄ ዞሩ። በሜክሲኮ ተራሮች ሰው ሳይዘራው በቁጥቋጦ ላይ እየተጠመጠመ የሚበቅል የቦሎቄ ዘመድ አለ፤ ፍሬው የምስር ያህል ነው፣ ቆባው ሲደርቅ ፈንድቶ ይበተናል፣ ማንም ለምግብ አይመኘውም። ከዚህ ዱር ከመጡት ጥቂት ናሙናዎች መካከል ነቀዝ ያልበላቸው ተገኙ። ሽሆንሆቨን፣ ካርዶናና ቫሎር የተባሉት ተመራማሪዎች ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1983 አሳተሙ።

ለምን እንዳልተበላ ያወቁት በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። በዱሩ ፍሬ ውስጥ በተዘሪው ቦሎቄ ጨርሶ የሌለ አንድ ፕሮቲን አገኙ። ናሙናው በተለቀመበት አካባቢ ባለችው በሜክሲኮ ጌሬሮ ግዛት ከተማ በአርሴሊያ ስም አርሴሊን ብለው ጠሩት። ነቀዟ ይህን አታውቅም። እንደ ወትሮዋ መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ እጩም ፍሬውን በስቶ ይገባል። ከገባ በኋላ ግን የበላው አይስማማውም፤ ብዙው እዚያው ይሞታል፣ የተረፈው ደግሞ ዘግይቶና ቀጭጮ ይወጣል። ስለዚህ ነቀዙ እንደ ድሮው ሳይባዛ ይቀራል።

የጥንት ሰዎች ዱሩን ሲያላምዱ የወሰዱት ከብዙው ጥቂቱን ነበር። ትልቅ ፍሬ፣ ቶሎ የሚበስል፣ ቆባው የማይፈነዳ፤ ይህን መረጡ፤ አርሴሊኑ ግን እዚያው ዱር ቀረ። እኛ ከፋዎች ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ማመን አለብን፤ ምክንያቱም በቡና በኩል በቤታችን ሆኗል። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ገብቶ ቡናውን እያጠቆረ ሲጥለው፣ መድኃኒቱ ከውጭ አልመጣም። ከደቡብ ምዕራብ ጫካዎችና ከገበሬ ጓሮ በሽታው በተስፋፋበት መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙ ዛፎች ተፈለጉ፤ ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 የዚያ ፍለጋ ልጆች ናቸው፤ 74 የተመረጡበትን ዓመት ያሳያል። ዱር ያለው ዘመድ መጠባበቂያ ቋት ነው። ለቡና ቋቱ በእኛ ደጅ ነው፤ ለቦሎቄ ደግሞ በሜክሲኮ።

ቀጥሎ የመጣው የማዳቀል ሥራ ትዕግሥት የሚፈልግ ነበር። ዱሩን ከተዘሪው ጋር ያዳቅሉታል፤ ልጁ ነቀዝ ይቋቋማል፣ ፍሬው ግን ደቃቅና ጠንካራ ይሆናል። ያን ልጅ እንደገና ከተዘሪው ወላጅ ጋር ያዳቅሉታል፤ አሁንም እንደገና። በእያንዳንዱ ዙር አርሴሊን ያለውን ለይቶ የሌለውን መጣል ያስፈልጋል። ደግነቱ ፕሮቲኑ በአንድ ዘረመል ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ዘር ከመዝራት በፊት ከፍሬው ጠርዝ ጥቂት ሸርፎ መመርመር፣ የቀረውን መዝራት ይቻላል። በዚህ መንገድ ራዝ የሚል ስም የተሰጣቸው መስመሮች ተወለዱ፤ ስሙ በስፓንኛ «ዛብሮቴስን የሚቋቋም» ከሚለው የተወሰደ ነው።

ራዝ ወደ አገራችንም መጥቷል። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች 300 ያህል የቦሎቄ ዓይነቶችን፣ የገበሬ ዘርም፣ የተሻሻለም፣ ራዝም ሰብስበው ከዛብሮቴስ ጋር ፈተኑ፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። የራዝ መስመሮች በጽናት ቆሙ፤ አብዛኞቹ ሌሎች ግን ተበሉ። የተሻሻለ ዝርያ ማለት ለጎተራ የተሻሻለ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

እዚህ ላይ ደስታችንን ትንሽ የሚቀንስ ነገር አለ። አርሴሊን በደንብ የሚሠራው በዛብሮቴስ፣ በቆላዋ ነቀዝ ላይ ነው። በአካንቶሴሊዴስ ላይ ያለው ኃይል ደካማ ነው። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የአዲዮና የጌሻ ደጋዎች ደግሞ ከዚህም ይበልጣሉ። ለመልካሳና ለዝዋይ አካባቢ የሚበጀው ዘር ለእኛ ጎተራ እኩል ይበጃል ብለን መቀበል አንችልም። ለዴቻ ቆላ ሌላ፣ ለደጋው ሌላ ሊሆን ይችላል። ለደጋዋ ነቀዝ የተሻለ ተስፋ የታየው በሌላ የቦሎቄ ዘመድ ነው፤ ቴፓሪ ይባላል፣ በሜክሲኮና በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በረሃ የሚበቅል ነው። ከዚህ ዘመድ የተገኘውን መቋቋም ወደ ተለመደው ቦሎቄ ለማስገባት የታንዛኒያው ተመራማሪ ፖል ኩሶልዋ ከአሜሪካው የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባልደረባቸው ጋር ሠርተው መስመር አውጥተዋል። አፍሪካዊ እጅ ያለበት ሥራ ስለሆነ በጉጉት የምንከታተለው ነው።

«ነቀዝ የሚገድል እህል እኛንስ?» የሚል ጥያቄ ከአባሎቻችን ተነሥቷል፤ ተገቢ ነው። ማንኛውም ጥሬ ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ ሳይበስል ከተበላ ያስመልሳል፣ ሆድ ያውካል፤ ይህም ከአርሴሊን ጋር ዘመድ በሆነ ፕሮቲን ምክንያት ነው። አርሴሊን ያለበት ቦሎቄ በአይጦች ላይ ሲሞከርም ጥሬው ጎጂ ሆኖ ተገኝቷል፤ ለዚህ ነው በደንብ መቀቀሉ ወሳኝ የሚሆነው። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ከዚያም በኃይል እየተንተከተከ ማብሰል፤ ይህ እናቶቻችን ያስተማሩን ነው። ለብ ባለ እሳት ላይ ግማሽ በሰል አድርጎ መብላት ግን በየትኛውም ቦሎቄ አይደረግ።

የማብሰያ ጊዜ ነገር ከተነሣ ሩዋንዳ ላይ የሆነውን ማለፍ አይቻልም። በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ሉዊዝ ስፐርሊንግና ባልደረቦቿ ቦሎቄ አዋቂ የሆኑ ገበሬዎችን፣ አብዛኞቹን ሴቶች፣ ወደ ምርምር ጣቢያ ጋብዘው ገና በሙከራ ላይ ካሉት ዘሮች እንዲመርጡ አደረጉ። ሴቶቹ ሙዝ ሥር የሚበቅለውን፣ ዝናብ ሲበዛ የማይበሰብሰውን፣ ቅጠሉ የሚበላውን እያዩ መረጡ፤ ወደ ቤታቸው ወስደው ሲዘሩትም ምርጫቸው ከተመራማሪዎቹ ምርጫ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪው በቁጥር ያላየውን እነሱ በዓይን አዩት። በእንሰት ጥላ ሥር ምን እንደሚበቅል ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል?

እስከዚያው የሚሠራ ነገር አለ። ሦስት ሽፋን ያለውና አየር የማያስገባው ፒክስ የሚባለው ከረጢት ነቀዙን በአየር እጦት ያፍነዋል፤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሜሩን ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተሠራ ሥራ ነው። ከረጢቱ ውድ ከሆነ ለሦስትና ለአራት ቤት በጋራ መግዛት ይቻላል። ሌላው ምንም ወጪ የለውም፦ የአካንቶሴሊዴስ እጭ ፍሬውን ለመብሳት አንድ ቀን ያህል አንድ ቦታ ተደግፎ መቦርቦር አለበት። ስለዚህ ቦሎቄውን በግማሽ በተሞላ ጀሪካን ወይም ማሰሮ አድርጎ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ማንከባለል የጀመረውን ቀዳዳ ያስጥለዋል። ይህንንም የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 አሳይተዋል። ልጆች እንደ ጨዋታ ሊሠሩት ይችላሉ። በገበያ በጉንጭ የሚሸጠውን የጭስ እንክብል ግን መኝታ ቤት ባለበት ጎጆ ውስጥ እንዳታስገቡ አደራ እንላለን፤ ነቀዝ የሚገድለው ጋዝ ሕፃንም ይገድላል።

ማኅበሩ ለቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚያቀርበው ጥያቄ እየተዘጋጀ ነው፦ ነቀዝ የሚቋቋሙ መስመሮች ካሉ በደጋና በቆላ ቀበሌዎች በሴቶች ማሳና ጎተራ ይሞከሩ፤ ሲመረጡም ከምርቱ ጋር የሚበስሉበት ሰዓት ይመዝገብ። ባዶ እጃችንን ላለመሄድ ደግሞ እኛም እንቆጥራለን። እያንዳንዷ አባል ካላት የቦሎቄ ዓይነት ሁሉ ቀዳዳ የሌለባቸውን 50 ፍሬ ለይታ፣ በንጹሕ ጠርሙስ ጨምራ፣ አሥር ነቀዝ ለቅቃበት፣ አፉን በስስ ጨርቅ ታስራለች። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነቀዞቹን ታወጣለች፤ ከዚያ በኋላ አዲስ የሚወጡትን በየሳምንቱ ቆጥራ በደብተር ትጽፋለች፤ መጻፍ የማትችል ልጇን ታስጽፋለች። በጠርሙሱ ላይ የዘሩ ስም፣ የመጣበት ቀበሌና የተዘጋበት ቀን ይለጠፍ። ጠርሙሶቹን ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ይዛችሁ ኑ።